ለትልቅ ለቅሶ የተቀመጠው ድንኳን

የሰፈሩ ሰው ስለ ወይዘሮ አሰጋሽ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ቁልፏን ነው። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አድርጋ አሥራ አንድ ዓመት ይዛለች። ሲያስረክቧት የእድሩ ዳኛ «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብለዋት ነበር፤ እውነትም ከዚያ ቤት አንዲት ጭልፋ ጠፍታ አታውቅም። ሌባ የሚላት ካለ ምላሱ ይቆረጥ። ጥፋቷ ስስት ነው።

እድሩ አዲስ ድንኳን የገዛ ዕለት ንጣቱን አይታ ልቧ ቀረ። «ይሄ ለትልቅ ለቅሶ ይቀመጥ» አለች። ትልቅ ለቅሶ ያለችው የባሏን ነበር። ቀናው ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳንባውን ታሞ አልጋ ይዟል። ለሰው የማትነግረው አንድ ምኞት ነበራት፤ ቀናው በዚያ ድንኳን ሥር በክብር እንዲለቀስለት።

ነሐሴ ላይ ጎረቤታቸው ዘበኛው ጉዲሳ ሞተ። አሰጋሽ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን አሮጌ ድንኳን አውጥታ ሰጠች። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ወረደ፤ የጉዲሳ ሚስት አሰለፈች ከነልጆቿ በስብሳ ተቀመጠች።

ቀናው ይህን ሲሰማ ከአልጋው ቀና አለ። «አሰጋሽ፣ ድንኳኑ እኮ ያንቺ አይደለም። እግዜር ሲጠይቅሽ ‹ንጹሕ አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ› ልትዪው ነው?»

«ዝም በል። ለማን ብዬ ነው?» አለችው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዕቃ ቤቱን ስትከፍት ከአዲሱ ድንኳን ከረጢት ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ደረቅ ነው። ከረጢቱን ፈትታ እጇን ሰደደች፤ ሸራውም ደረቅ ነው። መልሳ ስታስረው ግን ጠብ፣ ጠብ አለ። ወለሉን በጨርቅ አድርቃ ቆለፈችና ለማንም ትንፍሽ አላለች። ከዚያ ወዲያ አሮጌው ድንኳን ለድሃ ለቅሶ በወጣ ቁጥር ያ ጠብታ ይሰማት ጀመር።

ቀናው ጥር ላይ አረፈ። ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረበትም። አዲሱ ድንኳን ደጇ ላይ ተተከለ፤ ያየው ሁሉ አደነቀው፤ እሷም በሐዘኗ መሐል ደስ አላት። ከቀብር ተመልሰው ሲቀመጡ ከራሷ በላይ ጠብ አለ። ደገመ። ከዚያ ዶፉ ወረደ፣ እሷ ባለችበት ብቻ። ቦታ ብትቀይር ተከተላት። በበሩ በኩል ጠራራ ፀሐይ ይታያል፤ አጠገቧ የነበሩት አንድ ጠብታ አልነካቸውም። ሰው እያማተበ ከእሷ ራቀ።

አሰለፈች ግን ከኋላ ተነሥታ መጣች። አጠገቧ ቁጭ አለችና ጋቢዋን አውልቃ በሁለታቸው ራስ ላይ ዘረጋችው።

«አይዞሽ እትዬ አሰጋሽ» አለቻት። «ሦስት ቀን ነው፤ ያልፋል።»

አሰጋሽ ያን ጊዜ አፈረች፤ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ በአሰለፈች መዳፍ ላይ አኖረችው። ዝናቡ አላባራም።