በረኛዋ እና የምትወጣው ኳስ

ቬቱሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ጫማዋን እንኳ የምታስረው በአንድ እግሯ ቆማ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የከተማችን የሴቶች እጅ ኳስ ቡድን በረኛ ነበረች፤ የመጨረሻውን ዓመት ግን ጉልበቷ ከዳትና የተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሌላ ሴት በሯን ስትጠብቅ እያየች ከረመች። ከዚያ ወዲህ ወንበር ስታይ ፊቷ ይጠቁራል።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ሳንዳ እባላለሁ፣ ፀጉር እሠራለሁ። በአርባ ስድስት ዓመቷ ቤት ውላ ከባሏ ጋር በረባ ባልረባው ስትነታረክ መስማት ሰለቸኝና እጇን ጎትቼ ቴኒስ ሜዳ ወሰድኳት። ሜዳችን ቀይ አፈር ስለሆነ ለጉልበት አይከፋም። ክንዷ ብረት፣ ዓይኗ የጭልፊት ነው። በወር ውስጥ ሁላችንንም ታሸንፈናለች ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቬቱሪያ የመጣችውን ኳስ ሁሉ ታግዳለች። በቴኒስ ከመስመር ውጭ የምታርፍን ኳስ ከተውሻት ነጥቡ ያንቺ ነው፤ መሬት ሳትነካ ከነካሻት ግን ጉድ ሆንሽ። እሷ ደግሞ ልትወጣ የምትበረውን ኳስ ተወርውራ በራኬት፣ በደረት፣ አንዳንዴም በእግሯ ትመልሳለች። አንዴማ አጥር ልትመታ የነበረችውን ዘላ በእጇ ቀለበቻት። አጨበጨብንላት፤ ነጥቡ ግን ለባላጋራዋ ሆነ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይኸው ነው።

አሠልጣኛችን ጋሽ ኮርኔል መላ ዘየደ። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከመስመሩ ጀርባ እንድትቆም አደረገና፣ በጎኗ ለሚሰዳት ለእያንዳንዷ ኳስ «ትሂድ» እንድትል አዘዛት። አፏ ትሂድ ይላል፣ ትከሻዋ ግን ይዘላል። አንድ ቀን እንባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ኳስ ባለፈችኝ ቁጥር አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰድቦኛል። አሁን ቆመሽ እያት ትለኛለህ?»

«እዚያ ከጀርባሽ ግብ ነበር። እዚህስ ምን አለ?»

ዞራ አየች። አጥሩና የጋሽ ኮርኔል ብስክሌት ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ከሁላችን ቀድማ መጥታ ሜዳውን ስትጠርግ አገኘናት።

በመስከረም የክለባችን ሴቶች ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ ጋር ይጋጠማሉ። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ወይ ለቬቱሪያ፣ ወይ ከልጅነቷ ጀምሮ ቴኒስ ለተጫወተችው ለጥርስ ሐኪሟ ለኦሊምፒያ። የተሸነፈችው ተቀያሪ ሆና ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ይቺ ኦሊምፒያ እኔ ፀጉሯን እየሠራሁላት፣ ግድግዳም እኮ ኳስ ይመልሳል፣ ግድግዳን ተጫዋች የሚለው ግን የለም አለችኝ። ፀጉሯን ሳብ አደረግኩት፤ አልዋሽም።

ለቦታው ሁለቱ የተጋጠሙ ቀን በየሰገነቱ ለቀዝቃዛው ወራት የሚቀመጥ ቃሪያ እየተጠበሰ ሰፈሩን ሽታው አውዶታል። ቬቱሪያ በእልህ ሮጠች፤ ሁሉን እየመለሰች ኦሊምፒያን አደከመቻት። በመጨረሻ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት፤ እሱንም ለማግኘት ሁለት ዕድል ነበራት።

ኦሊምፒያ ኳሷን በኃይል ወደ ትከሻዋ ለጋቻት። ቬቱሪያ ራኬቷን ሰበሰበች። ኳሷ አለፈቻት፣ መሬት መታች፣ አቧራው ቦነነ። ወጣች ብለን አጨበጨብን፤ ኦሊምፒያም እጇን ልትዘረጋ ወደ መረቡ መጣች። ቀይ አፈር ላይ ኳስ ምልክት ትተዋለች፤ ፍርዱን የምትሰጠው ደግሞ ኳሷ በሜዳዋ ያረፈችባት ሴት ናት። ቬቱሪያ ጎንበስ ብላ አየችና ምልክቱን በእግሯ አጠፋችው። ይህ በኛ ዘንድ ኳሷ ገብታለች፣ አምኛለሁ ማለት ነው።

«መስመሩን ነክታለች። ነጥቡ ያንቺ ነው» አለች።

አንድ ዕድል ብቻ ቀራት።

ኦሊምፒያ ሞኝ አይደለችም፤ ያንኑ ኳስ፣ ወደዚያው ትከሻ ደገመችላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አሁንስ ታግዳታለች ብዬ አጥሩን ጨብጬ ቀረሁ። ትከሻዋ ሲነሳ አየሁት። ከዚያ ራኬቷን እንደያዘች ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። ከንፈሯ «ትሂድ» ሲል አየሁ።

ኳሷ አረፈች። ቬቱሪያ በራኬቷ ጫፍ በምልክቱ ዙሪያ ክብ ሠርታ ቆመች። ኦሊምፒያ መረቡን ዞራ መጣች፣ አጎንብሳ ብዙ አየች። በመስመሩና በምልክቱ መካከል ጣት ያስገባል።

«ወጥታለች» አለች ኦሊምፒያ፤ እጇንም ዘረጋች። «ግድግዳ ብትሆኚማ ኖሮ ትመልሻት ነበር።»

ቬቱሪያ እጇን ጨበጠቻት። ላቧን እየጠረገች ሄደችና አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ደነገጥኩ፤ ጉልበቷ የተጎዳ መስሎኝ ምን ሆንሽ እያልኩ ሮጥኩ።

«ጫማዬን ልፈታ ነው» አለች። «ምን ታፈጥጫለሽ? ነይ ቁጭ በይ።»