እኔ የቆረጥኩት ስቲከር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ስድስት ሜትር ባነር አበላሸሁ። የተቀጠርኩት አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ የአንድ ጋራዥ ማስታወቂያ ሰጥተውኝ ጠርዙን እንድከረክም አዘዙኝ። እኔም ከጠርዙ ጋር የስልክ ቁጥሩን ግማሽ ቆርጬ ጣልኩት። ያባርሩኛል ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሳቸው ባነሩን ገልበጥ አድርገው አዩትና ሌላ ማተም ጀመሩ። የተበላሸው ለዓመታት የማሽን ሽፋን ሆኖ አገለገለ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሠራሁ። መጀመሪያ ቆራጭ ነበርኩ፤ ቀጥሎ ዲዛይን ተማርኩ፤ በመጨረሻ የሕትመት ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። ክፍሉ እኔና ሁለት ማሽን ነበርን። የሰርግ ጥሪ፣ የሐዘን ምስጋና፣ ታክሲ ውስጥ የሚለጠፍ ጥቅስ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ ያላተምኩት የለም።

ኪው አር ኮድ ሲመጣ ሥራችን ተለወጠ። ሱቁም፣ ፋርማሲውም፣ ፀጉር ቤቱም ስልክ ተደቅኖ የሚከፈልበትን ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ፈለገ። እኔ ወደድኩት። የፊደል ስህተት የለበትም፤ ደንበኛ «ይሄ ሀ በዚህኛው ሐ ነው የሚጻፈው» ብሎ አይመልሰውም። ማንም በዓይኑ አያነበውም። ያኔ ይሄ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ወጣት ፍላሽ ይዞ መጣ። መዳፍ የሚያክሉ ሠላሳ የክፍያ ኮድ ስቲከሮች ፈለገ፤ ሙጫው ጠንካራ እንዲሆን፣ ስም እንዳይኖርበት። የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። ለድርጅታቸው ቅርንጫፎች እንደሆነና ስሙ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ እንዳለ ነገረኝ። መብራት ገና መምጣቱ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። አተምኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሰጠሁት። ቀለሙን አመስግኖ ሄደ።

በዚያ ሰሞን የመቁረጫ ማሽናችን ምላጭ ተሸርፎ ነበር። በቆረጠው ሁሉ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ጥርስ ይተዋል። ጋሽ ታደሰ ምላጩ እንዲቀየር ስነግራቸው «በሚቀጥለው ሳምንት» ይሉኝ ነበር። ደንበኛ አያየውም፤ እኔ ግን አየዋለሁ፤ ያናድደኛል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቤቴል ለሚገኘው የእትዬ አስካለ ቁርስ ቤት አዲስ የምግብ ዝርዝር አደረስኩ። እትዬ አስካለ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። ስገባ አስተናጋጇ ሊዲያ ሽርጧን እያጠፈች ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። እዚያ አራት ዓመት የሠራች፣ ቤተሰቦቿ ከከፋ መጥተው ከተማው ውስጥ የከረሙ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት።

እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ጠርተው ነገሩኝ። ከአሥር ቀን ወዲህ ምግቡ ይወጣል፣ ክፍያው ግን ስልካቸው ላይ አይገባም። ሊዲያን ቢጠይቋት ሁሉም በስልክ ከፍሏል ትላለች። ጓደኞቿን በነፃ እያበላች ነው ብለው ደመደሙ፤ አሰናበቷት። ስንመለስ ሊዲያ ለእኔም የነገረችኝ ይህንኑ ነው፦

«ስልካቸውን አይቻለሁ። ተከፍሏል የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አይቻለሁ።»

እትዬ አስካለ የምግብ ዝርዝሩን እስኪያዩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ኮዱ የተለጠፈበት የፕላስቲክ ማቆሚያ ፊቴ ነበር። እጄ ሥራ መፍታት አይወድም፤ አውራ ጣቴ የስቲከሩን ጠርዝ እየዳሰሰ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ደረሰ። ጥርሷ አለች።

ለእትዬ አስካለ ኮድ ያተምኩት ከዓመት በፊት ነው። ያኔ ምላጩ ደህና ነበር። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው የላይኛው ተነሣ፤ ከሥሩ የቀድሞው ብቅ አለ።

ያኔ ያደረግኩትን አልደብቅም። የተነሣውን ጠርዝ መልሼ ተጫንኩት። ብናገር የማተሚያ ቤቱ ስም ከሌባ ጋር ይነሣል፤ ጋሽ ታደሰ ስኳር አለባቸው፣ ፖሊስ ቢጠራቸው ምን ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። ሊዲያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ደረሰች።

«ሊዲያ፣ ቆዪ» አልኩ።

ስልኬን አውጥቼ ኮዱን ስካን አደረግኩ። ማናችንም የማናውቀው የአንድ ወንድ ስም መጣ። ስቲከሩን ልጬ የሥሩን ስካን ሳደርግ የእትዬ አስካለ ስም መጣ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማነው ይሄን የለጠፈው?»

«ማን እንደለጠፈው አላውቅም፣ እትዬ። ያተምኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጥግ ላይ ፉል የሚበላ አንድ ሾፌር ያን ስም ሲከፍል እንዳየውና የባለቤታቸው መስሎት እንዳለፈው ተናገረ። እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ወደ ሊዲያ ሄደው ትከሻዋን ያዙ። ይቅር እንድትላቸው፣ ሽርጧን መልሳ እንድታደርግ ለመኗት። እሷ እጃቸውን ቀስ አድርጋ አወረደች።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ እትዬ። ግን አልመለስም» ብላ ወጣች።

ለጋሽ ታደሰ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግተው ፋይሉን በፍላሽ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃሌን የተቀበለው መርማሪ የሰውየውን ስም ጠይቄ እንደሆን ጠየቀኝ፤ አልጠየቅኩም። ስልኩን? አልያዝኩም። መታወቂያውን? አላየሁም።

«ታዲያ ምን ጠየቅሽው?»

የማን እንደሆነ ጠይቄው በሰጠኝ መልስ መርካቴን ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት ስቲከሩ የሚያብረቀርቅ ይሁን ወይስ ደብዘዝ ያለ የሚለውን ብቻ ነበር። መርማሪው ይህንንም ጻፈው። ሒሳቡ ታገደ፤ ወጣቱ ግን እኔ እስከማውቀው አልተያዘም።

ከዚያ፣ እንደ ሊዲያ ያለ ጥፋት ሳይኖርበት የተባረረ ስንት ይኖር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከሥራ ስወጣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ በየሱቁ እየገባሁ ጠርዝ እዳስስ ነበር። አንዳንዱ ባለሱቅ አብሮኝ ፈተሸ፤ አንዳንዱ አእምሮዋ የተነካ ነው አለኝ። የአንድ ፋርማሲ ዘበኛ አስወጣኝ። የእትዬ አስካለን ጨምሮ ከሠላሳው አሥራ አንዱን አገኘሁ። አሥራ ዘጠኙ የት እንዳሉ ዛሬም አላውቅም።

ዓለም ባንክ አንድ ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት አየሁ። የነዋሪ ምዝገባ ይላል፣ ኮድ አለው፣ ማኅተም የለውም። አንድ አዛውንት ስልካቸውን ደቅነው ቆመዋል። ያ ኮድ የከፈተላቸው ገጽ ባንክ ይመስላል።

«ልጄ፣ የምስጢር ቁጥር ሙላ ይለኛል። ልሙላው?»

«አይሙሉ፣ አባቴ። ለምዝገባ ማንም የምስጢር ቁጥር አይጠይቅዎትም።»

ስልካቸውን ዘጉ። ወረቀቱን የኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ወሰድነው፤ እሱም አያውቀውም ነበር። ያን እኔ አላተምኩትም። ሌላም ማተሚያ ቤት ሳይጠይቅ እንደሚያትም የገባኝ ያኔ ነው። የባሰ እረፍት ነሣኝ።

እኛ ደንብ አወጣን። ኮድ ይዞ የመጣን ሰው መታወቂያ እናያለን፤ ኮዱን እዚያው ስካን አድርገን የሚመጣውን ስም ከሰውየው ጋር እናነባለን፤ ከኮዱ ሥር የባለቤቱን ስም በትልቁ እናትማለን። የተቆጡ ደንበኞች ወደ ጎረቤት ሄዱብን። ጋሽ ታደሰ «ይሂዱ» አሉ።

ሊዲያን ከወራት በኋላ አየር ጤና አንድ ጫማ ቤት ስትሸጥ አገኘኋት። ሰላም አለችኝ፤ ብዙ አላወራችኝም። እኔ ቆሜ ሳለሁ አንድ ገዢ ስልኩን ሲደቅን ስሙን ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት። ከዚያም ጫማውን እጇ ላይ እንደያዘች መልእክቱ በሱቁ ስልክ እስኪገባ ጠበቀች። ገዢው ተሰላችቶ ሰዓቱን ያያል። እሷ አልቸኮለችም።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው። ኮድ ላይ የተጻፈውን ሰው በዓይኑ አያውቀውም፤ ስለዚህ ስልኩ የሚያወጣውን ስም ሳያነብ አይክፈል። የሸጠ ሰው በራሱ ስልክ መልእክት ሳያይ አይሸኝ። የለጠፈ ሰው ጠዋት ጠዋት የለጠፈውን ይፈትሽ። ያተመ ሰው ደግሞ የማን እንደሆነ ጠይቆ መልሱን ያጣራ። እኔ ጠይቄ ነበር፤ አላጣራሁም።