ደረቁና ባሮሎው

በአንድ ምግብ ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት ወይን ሲቀዳ የኖረውን አስተናጋጅ ባልደረቦቹ «ደረቁ» ይሉታል። እርሱ ቅጽል ስሙ ከሙያው እንደ መጣ ያምናል፤ በወይን ሰዎች አነጋገር ደረቅ ማለት ስኳር የሌለው ማለት ነውና። ምግብ አብሳይዋ ግን ከጠባዩ የመጣ ነው ባይ ናት። ማስረጃም አላት፦ አንድ እንግዳ ባሮሎ የተባለውን የጣሊያን ቀይ ወይን በበረዶ ቢያዝዝ፣ ደረቁ ወይኑን በብርጭቆ፣ በረዶውን ለብቻው በሳህን አቅርቦለታል።

ስለ ባሮሎ ሲናገር የሥጋ ዘመዱን የሚያስተዋውቅ ይመስላል። መልኩ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ የማያውቁት ለስላሳ ይመስላቸዋል። ሲቀምሱት ድድ ይይዛል፣ ምላስ ያደርቃል፤ ሽታው የጽጌረዳና የቅጥራን ነው። ብቻውን ከጠጡት እንደሚቆጣ፣ ቀስ ብሎ የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ እንጉዳይ ወይም የቆየ ጠንካራ አይብ ሲያገኝ ግን ሰው እንደሚሆን ለእንግዶች ያስረዳል። ከዓሣ ጋር አያቀርበውም። ሁለቱ ሲገናኙ አፍ ውስጥ የሚቀረው የብረት ጣዕም ነው።

ሚስቱ በሌላ ከተማ ርእሰ መምህርት ሆና ከተሾመች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አብረን እንሂድ ብላ ለምናው ነበር፤ እርሱም እዚያ ደህና የወይን ጓዳ ያለው ምግብ ቤት አለመኖሩን በዝርዝር አስረዳት። አልተፋቱም፣ አልተጣሉምም። በስልክ ጤና ይጠያየቃሉ። «ናፍቀሽኛል» የሚላት ግን ሁልጊዜ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሚስቱ እኅቷን ልትጠይቅ መጥታ ኖሮ፣ በምሳ ሰዓት ብቻዋን ገብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ደረቁ ክንዱ ላይ ያለውን ፎጣ ሁለት ጊዜ አስተካክሎ ቀረበና «ምን ያዝዛሉ?» ሲል ጠየቃት።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?» አለችው።

ዓሣ አዘዘች። ቀጥላም ባሮሎ አለች። አብሳይዋ የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ ጆሮዋን አቆመች። ደረቁ ለእንዲህ ያለው ትእዛዝ ለባለሥልጣንም ለሙሽራም ያልቀነሰው የተዘጋጀ ንግግር ነበረው። አፉን ከፈተ፤ ሴትዮዋን አያት፤ መልሶ ዘጋው። ሄዶ ጠርሙሱን አመጣ።

ጎረሰች፣ ጠጣች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«ብረት ብረት ይላል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣህልኝ?»

«ጠየቅሽኛ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። ከዚያ ይኼ ወይን ታዲያ ከምን ጋር እንደሚስማማ ጠየቀችው። ግማሽ ቀን ስለሚበስለው ሥጋ ነገራት፤ የሚሠራው ሐሙስ ብቻ መሆኑንም አልደበቀም።

«ሐሙስ ጠዋት ልሄድ ነበር» አለች።

«ነበር» የምትለዋን ቃል ሁለት ቀን ሙሉ ሲያላምጣት ሰነበተ።

ሐሙስ ጠርሙሱን በማለዳ ከፈተው፤ ባሮሎ እስኪለዝብ ድረስ ሰዓታት አየር ይፈልጋል። አሁን ሥጋው ደርሷል። አብሳይዋም እንደ ልማዷ አልቀለደችበትም፤ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ራሷ ወልውላለታለች። እርሱ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። እስካሁን ሦስት ሰዎች ገብተዋል፤ ሦስቱም ያዘዙት ቢራ ነው።