የጋሼ ቀኝ ትከሻ

ዛሬ የአጎቴን የጋሼን አርባ አውጥተን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናብ ያዘን። እኔ ጅሉ ሽማግሌ ጥላውን ዘርግቼ፣ ባለቤታቸውን እትዬን በክንዳቸው ደግፌ ቁልቁል ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ እኔ ጠብታ አልነካኝም፤ እሳቸው ከነጠላቸው እስከ ጫማቸው በስብሰዋል።

«አንተ ልጅ፣ ሦስት ሚስት አግብተህ ጥላ መያዝ እንኳ አልተማርክም?» አሉኝ።

«ሦስቱም ያባረሩኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ።»

ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ።

ጋሼ ክረምት በገባ ቁጥር ቀኝ ትከሻቸው ከዝናብ ወጥቶ አያውቅም፤ ጥላው ሁልጊዜ የሚያዘነብለው በግራቸው ወደሚሄዱት ወደ እትዬ ነበር። አንድ ጊዜ ክፉኛ ተኳርፈው ሰነበቱ። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ቤታቸው ደጃፍ ቆሜ በዝናብ አብረው ሲመጡ አየኋቸው። ቃል አይለዋወጡም፤ ጥላው ግን እንደወትሮው ወደ እትዬ አዘንብሏል።

«ጋሼ፣ ታረቃችሁ እንዴ?»

«የት ታርቀን! ግን የተኳረፍነው እኛ፤ ዝናቡ ምን አገባው?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ትዳር የሚፈርሰው በትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በሦስቱም ትዳሬ ባኮረፍኩ ቁጥር ብቻዬን ደርቄ ገብቻለሁ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ጋሼ ይቀመጡበት የነበረውን የመስኮት ጥግ አዩትና፣ «እንግዲህ እኔ ማንን ላኩርፍ?» ብለው ጠየቁኝ።

ለነገር መልስ አያጣም የምባለው የአራዳ ልጅ ተነስቼ የበሰበሰ ነጠላቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩላቸው።