በአባቷ ኮት ውስጥ ያደገችው ልጅ

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው። ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ልብስ ሰፊ አግብቼ ከሂርና አሰበ ተፈሪ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ ወገቤን ቆረጠኝ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅቷ መጣች። እንደ ሕፃን አላለቀሰችም፤ እንደ ድመት ግልገል ሲር አለች እንጂ። አዋላጇ ጠቅልላ ስታቀብለኝ ፊቴን ማየት አልፈለገችም።

ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ሮጦ ድሬሰሩን ይዞ መጣ። ድሬሰሩ አልደበቀንም። ትልቁ ሆስፒታል ሐረር ነው፣ ነገር ግን መንገዱና ብርዱ ሳትደርስ ይገድላታል አለ። ያለን ነገር እሷን ማሞቅና ወተት በጠብታ መስጠት ብቻ ነው ብሎ ጥጥና የመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ትቶልን ሄደ።

ወተቱ ግን ከየት ይምጣ? እሷ ለመጥባት አቅም የላትም፤ የእኔም ጡት ገና አላጋተም። ጎረቤታችን የሆነች ኦሮሞ ሴት በዚያ ሰሞን ወንድ ልጇን ታጠባ ነበር። ወሬውን ሰምታ መጣች፣ ልጅቷን ገልጣ አየቻት፣ ከዚያም ስኒ ስጡኝ አለች። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከተቀመጡበት አልተነሡም። እሷ ሙስሊም እኛ ክርስቲያን መሆናችንን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። ሴትየዋም ሳይገባት አልቀረም።

«የኔ ልጅ ጠግቧል፤ ይሄ ለሷ ነው» አለቻቸው ረጋ ብላ። «አንቺም እናት ነሽ፣ ታውቂያለሽ።»

አማቴን አንቺ የሚል ሰው በሰፈሩ አልነበረም። የሴትየዋ አማርኛ እንዲያ ስለሆነ እንጂ ንቃ እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። አማቴ ተነሡ፤ ስኒውን በፈላ ውኃ አጥበው፣ እስክታልብ ድረስ በገዛ እጃቸው ያዙላት።

ለሙቀቱ አማቴ ራሳቸው መላ አበጁለት። ልጅ በሰው ገላ እንጂ በጨርቅ አይሞቅም አሉና ሁላችንም በተራ በደረታችን እንድንይዛት አደረጉ። እኔን ግን ትኩሳት ያዘኝ፤ እሳቸውም ጎናቸውን ያማቸዋል። የቀረው ባለቤቴ ነው። ያኔ ወንድ ልጅ ሕፃን ሲያቅፍ ቢታይ መሳቂያ ነበር። እሱ ደግሞ ቁጥብ ነው፤ ከእኔ ጋር እንኳ ብዙ አያወራም። ሸሚዙን ፈታ፣ በጥጥ የተጠቀለለችውን ልጅ ደረቱ ላይ አስተኛ፣ ኮቱን ቆለፈና መንገድ ዳር ባለችው የፊት ክፍላችን ውስጥ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ መስፋቱን ቀጠለ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ይረብሻታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ተመቻት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ በሹክሹክታ መነጋገር ለመደ። ከገጠር ለገበያ የሚወርዱ ሰዎች ሳይቀሩ ብቅ ብለው ዛሬስ እንዴት ናት ይሉታል፤ እሱም አንዲት ቁልፍ ፈትቶ አናቷን ያሳያቸዋል። የሳቀበት ሰው አላየሁም።

አንድ የገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪናው ቀጥ አለ። ወዲያው ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ትንፋሿ ጠፋ» አለኝ። ከንፈሯ ጠቁሯል። አማቴ ነጥቀው ጀርባዋን አሹ፣ ውስጥ እግሯን በጣታቸው ደጋግመው መቱ። ምንም የለም። እንደገና መቱ። ያን ጊዜ ተንፈራገጠችና አለቀሰች፤ ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ስታለቅስ ሰምተናት አናውቅም። ባለቤቴ መሬት ቁጭ ብሎ እሱም አለቀሰ። አማቴ ልጅቷን መልሰው ኮቱ ውስጥ ከተቱለት።

ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ከትንፋሿ ላይ አልተነሣም። ቀስ እያለች ጉንጯ ሞላ፤ አንድ ጠዋትም ጡቴን ይዛ ጠባች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ጎረቤታችን ልጇን አዝላ መጣች። አማቴ ከጎናቸው አስቀመጧት። የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ለእሷ የሚሆን ምግብ ለብቻው አሰናድተውላት ነበር። «እነዚህ ሁለቱ ከእንግዲህ ወንድምና እህት ናቸው» አለች እሷም፤ አማቴ አዎን ብለው ተቀበሉ።

ብርዱ ሲያልፍ ለወላጆቼ ላሳያት በአውቶቡስ ወደ ሂርና ተጓዝን። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ገልጠው አዩዋትና ተቆጡኝ፤ አራስ ልጅ ይዞ መንገድ ይወጣል ወይ አሉ።

ባለቤቴ ቀደመኝ። «ስድስት ወሯ ነው እማማ። ያኔ ቢያዩዋት ኖሮ አሁን ወፍራም ይሏት ነበር» አላቸው።

ከዚያማ ያ ዝምተኛ ሰው ሂርና እስክንደርስ ድረስ ታሪኳን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጫወታቸው። አሮጊቷ መውረጃችን ሲደርስ እስቲ ልቀፋት አሉት። ሰጣቸው፤ እጁን ግን ከሥሯ አልወሰደም።