የእማሆይ ወንፈል

ሰፊያን ያገኘኋት መካነ ኢየሱስ፣ ከመኪና መጠበቂያው አጠገብ ካለ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። እኔ የደብረ ታቦርን አውቶቡስ እጠብቃለሁ፤ እሷ ወደ ስማዳ የሚሻገር የጭነት መኪና ትጠብቃለች። መኪና የሚጠብቅ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ያወራል፤ ሁለታችንም እንቅልፋሞች አልነበርንም። እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ተወልዳ እዚህ እስቴ የተዳረች ጨርቅ ነጋዴ መሆኗን ነገረችኝ፤ ቀጥላም፣ ሳልጠይቃት፣ አንድ ሰሞን የፈረንጅ አፍ ሆና እንደ ነበር ጨመረች። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ቢቀርም ግድ አልነበረኝም።

ነገሩ የሆነው በሰባ ስምንት፣ በወርኃ ግንቦት ነው። ሰፊያ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ፣ ወገዳ ገበያ ዳር ከአባቷ ሱቅ ተቀምጣ አቡጀዲ ትለካለች። ድርቁ ካለፈ ገና ዓመቱ ነው። ከሆላንድ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የተላኩ አምስት ሰዎች፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸውን ወይም በሰፈራ የሄዱባቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እናገለግላለን ብለው መጡና ከከተማው ዳር ድንኳን ተከሉ። ስብከት እንደማይፈቀድ ተነግሯቸዋል፤ አካፋ እንጂ መጽሐፍ አታንሡ እንደ ማለት ነው። አስተርጓሚ ሲፈለግ ከሰፊያ በቀር እንግሊዝኛ የሚደፍር አልተገኘም። አባቷ አማን፣ የእስላም ልጅ ከሚሲዮን ጋር ምን አላት ብሎ ቢያንገራግር፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቻላቸው፣ ቋንቋ ሃይማኖት የለውም፣ ደግሞም አብዮቱ ያዝዛል ብሎ አፉን አስያዘው።

የእንግዶቹ አለቃ ሔልጋ ትባላለች፤ ረጅም፣ አጥንቷ የሰፋ፣ ፀሐይ ፊቷን በርበሬ ያስመሰለው ሴት። እንጨት ትፈልጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ የሽማግሌ ጥፍር ትቆርጣለች፤ ከማንም ቤት ግን ቆሎ እንኳ አትቀምስም። ከደሃ አፍ አንነጥቅም የሚል ደንብ አላቸው። ሰፊያ ደንቡን ስትሰማ መልካም መስሏት ነበር፤ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት እስኪደርሱ።

እማሆይ ከወገዳ ወጣ ካለች መንደር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከባላቸው ሞት በኋላ የመነኮሱ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጃቸው በሰፈራ ሄዷል። የቤታቸው ሣር ክዳን በስብሶ ሰማይ ያሳያል፤ መደባቸውን ትተው በር ሥር መተኛት ከጀመሩ ቆይተዋል። መጪው ክረምት እንዲህ እንዳለ ካገኘው ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል፤ ሰማዩ ደግሞ ማጉረምረም ጀምሯል። ስለዚህ ሔልጋ ሣር ገዝታ፣ መሰላል አሸክማ በማለዳ ስትደርስ ሰፊያ የጠበቀችው ምርቃት ነበር። እማሆይ ግን መቋሚያቸውን በበሩ አግድመው ቆሙ።

ማን ጠራችሁ አሉ። ይህ ቤት መጀመሪያ ሲከደን አገር በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ዘፍኖ እንደከደነው አወሩ። ዛሬ ጋናቸው ደርቆ፣ ለደቦ የሚያቀርቡት ሳይኖራቸው፣ ማንም ጣራቸው ላይ እንደማይወጣ ተናገሩ። ሰፊያ ያን ሁሉ ሰብስባ "አይፈልጉም" ብላ ተረጎመችው። ሔልጋ፣ ክፈሉ የሚባሉ መስሏቸው ይሆናል ብላ፣ በነጻ መሆኑን ንገሪያቸው አለቻት። ሰፊያም ነገረቻቸው፤ እሳቱ ላይ ቅቤ ጨመረችበት።

"በነጻ?" አሉ እማሆይ። "ደሃ ነኝ እንጂ ለማኝ ነኝ ያልሁት መቼ ነው? ሳይበላ ሳይጠጣ የሚፈርስ ክዳን ባለቤቱ የሞተበት ቤት ክዳን ነው። እኔ ደግሞ፣ አንቺ የአማን ልጅ፣ ይኸው እያየሽኝ ነው፤ አልሞትሁም።"

ሔልጋ ከድንኳኑ ዱቄትና ዘይት እናምጣና እሳቸው ያብሉን ብትል፣ እንግዳን በገዛ ስንቁ መጋበዝ በአገራችን አልተሰማም አሉ። መሰላሉ እንደ መጣ ተመለሰ። እማሆይ ሰፊያን ብቻ በእጃቸው ጠርተው ቀስ ብለው ጠየቋት፤ እነዚህ ሰዎች ክርስቲያን ናቸው ይባላል፣ ታዲያ ማተባቸው የታለ?

"እማሆይ፣ እኔን እስላሟን ስለ ማተብ ይጠይቁኛል?"

"ታዲያ ማንን ልጠይቅ? አፋቸው አንቺ ነሽ" ብለው ሳቁ። ሰፊያን ተስፋ የሰጣት ያ ሳቅ ነው፤ የሚስቅ ሰው በሩን ጨርሶ አልዘጋም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጨርቅ እየለካች ሳለ፣ ሁለት ገበያተኞች ስለ ወንፈል ተራ ሲጨቃጨቁ ሰማች። ዛሬ ለኔ ከሠራሽ ነገ ላንቺ እሠራለሁ ነው ነገሩ፤ በወንፈል ድግስ የለም፤ ቀን የሚመለሰው በቀን ነው። ሰፊያ መቀሱን ጨርቁ ላይ እንደ ሰካች ቀረች። በማግሥቱ ብቻዋን ወደ እማሆይ ሄደች።

"እማሆይ፣ ደቦው ይቅር፤ በወንፈል ይሁን። እነሱ አንድ ቀን ይሠሩልዎታል፤ እርስዎም አንድ ቀን ይሠሩላቸዋል።"

እማሆይ አሰቡበት። "ወንፈልስ ወግ ነው" አሉ። "ግን ያች ፀሐይ የቀቀላት ልጅ እውነት ታሠራኛለች? ወይስ ወንበር ሰጥታ፣ ሻይ አጠጥታ ልትመልሰኝ ነው? እንደዚያ ከሆነ ያፍስስብኝ።"

አሁን ደግሞ ሔልጋ ከበደች። ላገለግል መጥቼ የሰማንያ ዓመት እናት ላሠራ? አገሬ ስገባ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? አለች። ሰፊያ እንግሊዝኛዋ ለክርክር የሚበቃ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል የጠቆረውን ደመና በጣቷ አሳየቻት። ሔልጋ ደመናውን አየች፤ ሰፊያን አየች፤ እሺ አለች።

ክዳኑ ባንድ ቀን አለቀ። ወንፈል ነው ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ተሳበ፤ ቻላቸው ሳይቀር ኮቱን አውልቆ መሰላሉን ወጣ። ከሆላንዶቹ አንዱ ሣሩን ገልብጦ ሲደረድር እማሆይ ከታች በመቋሚያቸው እየጠቆሙ፣ ይህ ልጅ ዝናቡን በቀጥታ ወደ መደቤ ሊመራው ነው እያሉ አገሬውን አሳቁበት።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ እማሆይ ሰፌዳቸውን ይዘው ከድንኳኑ ደጅ ተገኙ። ሔልጋ የምታሠራቸው ቢጠፋት አንድ ጆንያ ምስር አቀረበችላቸው። እማሆይ ተቀምጠው ያንገዋልሉ፣ ጠጠሩን ይለቅሙ ጀመር። ሔልጋ ግን አላስቻላትም፤ አሁንም አሁንም እየመጣች ትንሽ ይረፉ ትላለች። በመጨረሻ እማሆይ ሰፌዱን አስቀመጡ።

"አንቺ ጣራዬ ላይ ስትወጪ እኔ ውረጂ፣ እረፊ አልሁሽ?"

ሰፊያ ይህችን ሳታጎድል ሳትጨምር ተረጎመቻት። ሔልጋ አጠገባቸው ቁጭ አለችና አብራ ጠጠር መልቀም ያዘች፤ ከዚያ በኋላ እረፉ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

ከሰዓት ዝናቡ መጣ። እማሆይ ጆንያውን ትተው "ቤቴን ልየው" ብለው ተነሡ፤ ሰፊያ ነጠላዋን ደርባ ተከተለቻቸው። ቤቱ ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም። እማሆይ መደባቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመው ዝናቡን ሲያዳምጡ፣ ሰፊያ በሩ ላይ ቆማ ልብሷ እንደ ረጠበ እንኳ አላወቀችም። ማክሰኞ ጠዋት፣ የተጀመረ ሥራ አይተውም ብለው፣ እማሆይ ተመልሰው ምስሩን ጨረሱት።

ወሬው ወጣ። እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው እርዳታ ሲቀበሉ የቆዩት ሽማግሌዎች ሁሉ ወንፈላቸውን ሊመልሱ ድንኳኑን ሞሉት። አንዱ ገመድ ይገምዳል፣ አንዷ ትፈትላለች፣ የቀሩት ምስር ይለቅማሉ። ሆላንዶቹ የሚሰጡት ሥራ አለቀባቸው። ሔልጋ ማንም አያየኝም ብላ በተለቀመው ምስር ላይ ጠጠር መልሳ ስትደባልቅ ሰፊያ አይታታለች፤ አልተናገረችባትም።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ ሔልጋ እማሆይን ልትሰናበት ሄደች። እማሆይ አገላብጠው ሳሟት፣ መረቋት፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። ሰኞና ማክሰኞ ሠርቻለሁ አሉ፤ አንቺ ግን አንድ ቀን ነው የሠራሽልኝ፤ አንድ ቀን አለብሽ። ሔልጋ እየሳቀችና እያለቀሰች እመለሳለሁ አለች።

ሰፊያ እዚህ ስትደርስ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ጓዟን አቀበልኋት፤ እህል ጆንያ ላይ ተደላድላ ስትቀመጥ፣ ያቺ ሴት ተመለሰች ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"ገና ናት" አለችኝ ከላይ ሆና። "እማሆይ ግን ዋሷ አንቺ ነሽ ብለው ይዘውኛል፤ ክዳኑም በነፋስ በኩል ሣሥቷል አሉ። ኢንሻ አላህ ነገ የሷን ቀን እሠራላታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሔልጋ ቀን ያለባት ለኔ ነው፤ ድንገት ካገኟት ይንገሩልኝ።"