ከወዲያ ማዶ የመጣ ዓይን

አንድ ሽማግሌ ማስታመም ያደክማል። ሁለት ሽማግሌ መጠበቅ ደግሞ፣ አንዱ ባል አንዱ ተከራይ ሲሆኑ፣ ወገብ ይቆርጣል። ባሌ ከአልጋ ከዋለ ከርሟል። አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ። እሱን ጨርሼ ቀና ስል ያ የፖላንዱ ሠዓሊ ከጓሮ ክፍል ብቅ ይልና፣ «እትዬ፣ መነጥሬን አየኸው?» ይለኛል። ይኸን ያህል ዘመን አዘዞ ኖሮ ዛሬም እኔን አንተ፣ ባሌን አንቺ ይላል። መነጥሩ ግንባሩ ላይ ነው። ልጄ ቢሆን በኩርኩም ነበር።

የመጣው በደርግ ጊዜ ነው፤ የጎንደርን የቤተክርስቲያን ሥዕል አይቼ እመለሳለሁ ብሎ። አየ፣ ግን አልተመለሰም። የጓሮዋን ክፍል ሰጠነው። ያን ጊዜ ያየውን ነበር የሚሥለው፣ ቁርጥ አድርጎ። ዶሮዬን ሣላት፤ ጭልፊት ከወሰዳት በኋላ ሥዕሏን ባየሁ ቁጥር ጭልፊቱን ስረግም ኖርሁ።

ባሌም የተሣለው ያኔ ነው። ጎልማሳ ነበር። ደጅ ተቀምጦ፣ ከአይከል ይዞት የመጣውን ቀንበር ሲጠግን ሠዓሊው ከጎኑ ሆኖ ሣለው። አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ጆሮው፣ ልክ እሱ። በጥምቀት ማግስት ጠቅልሎ ስጦታ አመጣልን። ባሌ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ሠዓሊው ከበር እንደወጣ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው?» አልሁት።

«አንድ ዓይን ሰጠኝ» አለ።

የእኛን ቤተክርስቲያን ግድግዳ ያየ ያውቀዋል። ጻድቁም መልአኩም ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይኸን ግን ከእናቴ ጀርባ ታዝዬ ሳለሁ ነው የማውቀው። ያ ፈረንጅ ይኸንኑ ሥዕል ሊያይ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ባሌን ከይሁዳ ጋር ደመረው!

«ንገረው እንጂ» አልሁት።

«እንግዳ አይወቀስም።»

ሥዕሏን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከቁምሳጥኑ ኋላ አስገባት። እዚያው ቀረች።

ሠዓሊው ግን እንደኛ አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። ማለቴ እጁ። ቀጥሎ ነገር መስበር ጀመረ። የጎንደርን ግንብ ሣለው፤ ከጀርባ እንደወደቀ እንስራ ስብርብር። ጎረቤቴን ሣላት፤ አፍንጫዋ ወዲህ፣ አገጯ ወዲያ፣ ሁለት ዓይኗ በአንድ ጉንጭ ላይ። «ምን አድርጋህ ነው?» ስለው፣ ልጅ ሳለ ከተማቸው በጦርነት ፈርሶ እንደነበር ነገረኝ። እናቱ ከፍርስራሹ ጡብ ስትለቅም እሱ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ሙሉ ቤት ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው አለኝ። ያን ቀን አልቀለድሁበትም። በማግስቱ ቀለድሁበት።

እሱም ሰለቸው። ቀለም ብቻ ቀረ። አንድ ክረምት ሙሉ ቢጫ ቀባ።

«አደይ አበባ ነው?»

«ቢጫ ነው።»

በኋላ ደግሞ ነጭ በነጭ ላይ።

«ጋቢ ነው?»

«ነጭ ነው፣ እትዬ።»

«ሳትቀባውም እኮ ነጭ ነበር!»

እየሳቀ ተናደደ። ሰው መሣል የተወ ጊዜ ልጄ የወለደቻት ሕፃን፣ ዛሬ እሷም እናት ሆናለች።

በቅርቡ ባሌ እህል እምቢ አለ። እንቅልፍም እምቢ አለ። እሱ ካልተኛ እኔም አልተኛ። ሾርባ ይዤ ስለምነው ዓይኑን ከቁምሳጥኑ አልነቅልም አለ።

«ስሞት የምቀረው በዚያች ሥዕል ነው» አለኝ። «የልጅ ልጆቼ ከይሁዳ ወገን ነበር ይሉኛል።»

«ስልካቸው ላይ ስንት ፎቶ አለህ!»

«ስልኩ ሲጠፋ አብሬ ልጥፋ? ያችን ሌላዋን ዓይኔን ይሣልልኝ። ከዚያ እሞታለሁ።»

«መጀመሪያ ሾርባህን ጠጣ፣ ከዚያ ትሞታለህ።»

አልጠጣም። ሲቀልድም አልነበረም። በዚህ ቤት ቀልድ የኔ ሥራ ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ቀልዶ አያውቅም።

ጉልበቴን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድሁ። ሠዓሊው ከነጭ ሸራው ፊት ተጎልቷል።

«ፊት ትቻለሁ፣ እትዬ። እጄም ረስቶታል።»

«እኔም ሰው ማጠብ ልጆቼ ሲያድጉ ትቼ ነበር። ተነሥ!»

ሥዕሏን አወጣኋትና አቧራዋን በቀሚሴ ጠረግሁ። ሠዓሊው ቁምሳጥኑን አየ፣ እሷን አየ። ባሌ ከአልጋው ሆኖ ነገሩን ነገረው፤ የይሁዳን፣ የአንድ ዓይኑን። የፈረንጁ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ያን ግድግዳ ስንት ዘመን አየሁት!» አለ። «ምነው አልነገርሽኝም፣ አያ?»

«እንግዳ ነበርህ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አንተም እንደኔው ሽማግሌ ነህ።»

ቀለሙን አመጣ። ብሩሹን ይዞ ቀረበ፣ ራቀ፣ ደግሞ ቀረበ። የውሃውን ጣሳ ይዤለት እንደቆምሁ እግሬ ዛለ።

«ቦታ የለም፣ አያ» አለ። «ያኛው ዓይን ከወዲያ ማዶ ነው፤ ከአፍንጫው ኋላ።»

«አውቃለሁ። ወዲህ አምጣው።»

ሠዓሊው ብሩሹን አንጠልጥሎ ቀረ። «ይኸን እኮ ድሮ ትቼዋለሁ» አለ፣ ለራሱ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጆሮውና ከጉንጩ መካከል ዓይን ሣለ፤ ከቤተክርስቲያኑ ጣሪያ ቁልቁል የሚያዩንን የመላእክቱን የመሰለ፣ ትልቅ፣ ነጩ የበዛ። ሽፋሽፍቱ ትንሽ ተንጋደደበት። ያ የጎረቤቴ ስብርብር ፊት ትዝ አለኝ።

ለባሌ አስጠጋሁለት። አየ። ብዙ አየ።

«አሁን ሸጋ ሆነ። ከይሁዳ ተለየሁ።»

«ከሰውም ተለየህ» አልሁት።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጠጣው።

ሥዕሏን ከግርጌው ሰቀልናት፣ ፊቷን ወደኛ አድርገን። ሠዓሊው መነጥሩን እየፈለገ ወጣ፤ ግንባርህ ላይ ነው አላልሁትም። ባሌ አንቀላፋ። እሱ ሲያንቀላፋ እኔ ደረቱን እያየሁ ነው የምቀመጥ፣ ከፍ ዝቅ ይላል ወይስ ቆመ እያልሁ። ያን ቀን ግን ቀና ብዬ ሥዕሏን አየኋት። ሁለቱም ዓይኖች ፈጥጠዋል።

«በል እንግዲህ፣ ዓይን ካልቸገረህ ራስህን ራስህ ጠብቅ» አልሁና መደቡ ላይ ጋደም አልሁ።